ቤት ልንገዛ ነው፤ «ሴፕቲክ ታንኩ ሞልቶ አያውቅም» ይሉናል፤ ምን እናስመርምር?

ሰሚት_ገዢ፦

ሰላም ለዚህ ቤት። ሰሚት አካባቢ 200 ካሬ ላይ ያረፈ ጂ+1 ቤት ለመግዛት በዋጋ ተስማምተናል፤ ቀብድ ገና አልከፈልንም። ቤቱ ከተሠራ 12 ዓመቱ ነው። ዋናው ቤት ውስጥ 5 ሰው፣ ጓሮ ባሉት ሁለት ሰርቪስ ክፍሎች ደግሞ 4 ተከራይ ይኖራል። ከከተማው ፍሳሽ መስመር ጋር አልተገናኘም፤ ሁሉም የሚገባው መኪና ማቆሚያው ስር ወዳለ ሴፕቲክ ታንክ ነው። ክዳኑ በሴራሚክ ተሸፍኗል።

ሻጩ «እኛ እዚህ ስንኖር ሞልቶ አያውቅም፤ ከፈለጋችሁ አስመጥጬ ንጹሑን አስረክባችኋለሁ» ይላሉ። ደላላው በዚህ ሳምንት ቀብድ እንድንከፍል እያጣደፈን ነው። የምድር ውስጥ የውሃ ገንዳውም ከታንኩ ብዙም አይርቅም። ማንን እናስመርምር? ምንስ እንይ? ተመጥጦ መረከቡ ይበቃል?

ሳኒተሪ_ባለሙያ፦

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ሻጩ እንዳያስመጥጡት ንገሪያቸው። በቅንነት ያሰቡት ሊሆን ይችላል፤ ግን የተመጠጠ ታንክ ምንም አይናገርም። የውሃው ከፍታ፣ የዝቃጩ ውፍረት፣ የመውጫው መዘጋት የሚታወቀው ታንኩ በሥራ ላይ እንዳለ ሲከፈት ነው። ቅደም ተከተሉ መክፈት፣ መለካት፣ ውሃ መልቀቅ፣ በመጨረሻ እናንተ ቆማችሁ እያያችሁ ማስመጠጥ ነው።

«ሞልቶ አያውቅም» የሚለው ቃል ብዙ ገዢ ያረጋጋል። እኔ ግን ሳልመረምር የማላልፈው እሱን ነው። በሂሳብ እንየው። አንድ ሰው በቀን 80 ሊትር ፍሳሽ ያወጣል እንበል፤ 9 ሰው 720 ሊትር ነው። ጉድጓዱ ዙሪያውን የተደፈነ፣ መውጫ የሌለው ቢሆን 20 ሜትር ኩብ የሚይዝ እንኳ በ28 ቀን ግድም ጢም ይላል። ስለዚህ 12 ዓመት ካልሞላ ውሃው የሚሄድበት ቦታ አለ ማለት ነው። የት ነው የሚሄደው? ምርመራው የሚመልሰው ይህንን ነው።

በትክክል የተሠራ ታንክ ቢሆንም ዝቃጭ ይከማቻል። የወጥ ቤትና የመታጠቢያ ውሃ አብሮ የሚገባበት ታንክ ሲነደፍ ለአንድ ሰው በዓመት 40 ሊትር ዝቃጭ ይታሰባል፤ ለ9 ሰው 360 ሊትር። ታንኩ 8 ሜትር ኩብ ቢሆን ዝቃጩ ከመያዣው አንድ ሦስተኛ የሚደርሰው በ7 ዓመት ገደማ ነው። ያኔ መመጠጥ ነበረበት። ካልተመጠጠ ዝቃጩ ከውሃው ጋር እየወጣ ማስረጊያ ጉድጓዱን (ከታንኩ የወጣው ውሃ ወደ አፈር የሚሰርግበትን) ይደፍነዋል። ታንክ በመኪና ይመጠጣል፤ የተደፈነ አፈር ግን በመኪና አይጸዳም።

ስለ ባለሙያው፦ እኛ አገር ቤት ሲሸጥ ይህን መርምሮ ወረቀት የሚሰጥ ግዴታ የሆነ አሠራር የለም፤ ስለዚህ ራሳችሁ ነው የምታዘጋጁት። አንድ የሳኒተሪ መሐንዲስ ወይም ልምድ ያለው ቧንቧ ሠራተኛ፣ ሴራሚኩን የሚያነሳ አንድ ሠራተኛ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ የመምጠጫ መኪና ያስፈልጋችኋል። ደላላው «የማውቀው ልጅ አለ» ካለ አመስግኑና የራሳችሁን ሰው አምጡ። ከሻጩ የጸደቀውን የግንባታ ፈቃድ ፕላን፣ በተለይ የሳኒተሪውን ሉህ ጠይቁ። ታንኩና ማስረጊያው የት እንደታቀዱ ያሳያል፤ መሬት ላይ ካለው ጋር ካልገጠመ ደግሞ አንድ ነገር ተቀይሯል ማለት ነው።

ሲከፈት የሚታየውን ልዘርዝር።

መጀመሪያ የውሃው ከፍታ። ጤነኛ ታንክ ውስጥ ውሃው የሚቆመው ልክ በመውጫ ቱቦው የታችኛው ከንፈር ላይ ነው። ከዚያ ዝቅ ካለ ወይ ግድግዳው ወይ ወለሉ ያፈሳል፤ አለዚያም በቅርቡ ተመጥጦ ገና እየሞላ ነው። (ሰው የሚኖርበት ቤት ሆኖ ላዩ ላይ ምንም የሰፈፈ ቅርፊት ከሌለ በቅርቡ መመጠጡን ጠርጥሪ።) ከከንፈሩ ከፍ ካለ መውጫው ተዘግቷል ወይም ማስረጊያው ውሃ አልቀበል ብሏል።

ሁለተኛ የዝቃጩ ውፍረት። 3 ሜትር ያህል ቀጥ ያለ አጠና ወይም ቀጭን ፒቪሲ ቱቦ ተዘጋጅቶ የታችኛው ሜትር ተኩል በነጭ ፎጣ ይጠቀለልና በሽቦ ይታሰር። ቅርፊቱን ገፋ አድርጎ ቀስ ብሎ እስከ ወለሉ ማውረድ፣ ሁለት ሦስት ደቂቃ መያዝ፣ ቀጥ አድርጎ ማውጣት። ፎጣው ላይ ጥቁሩ የያዘው ቁመት ዝቃጩ ነው፤ ከሱ በላይ የረጠበው ውሃ ነው። ከላይ የሰፈፈውንም ለኩ። ሁለቱ ተደምረው ከውሃው ጠቅላላ ጥልቀት አንድ ሦስተኛ ካለፉ ጊዜው አልፎበታል። ታንኩ ባለ ሁለት ክፍል ከሆነ መለካቱ በሁለቱም ይሁን፤ ሁለተኛው ክፍል ውስጥ ብዙ ዝቃጭ ካለ ወደ ማስረጊያውም ተሻግሯል።

ሦስተኛ መግቢያውና መውጫው ላይ «ቲ» (በእንግሊዝኛው T ቅርጽ የተሠራ የቱቦ መገጣጠሚያ) መኖሩ። የመውጫው ቲ ቁልቁል ወርዶ ከመካከለኛው ጠራ ያለ ውሃ እንዲወስድ ነው የሚገጠመው። ተሰብሮ ከወደቀ ቅርፊቱ በቀጥታ ወደ ማስረጊያው ይሄዳል። መግቢያው ከመውጫው ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ከፍ ማለት አለበት፤ እኩል ከሆኑ ፍሳሹ ወደ ቤት ይመለሳል።

አደራ የምለው አንድ ነገር አለ። ማንም ሰው፣ ለአፍታም ቢሆን፣ ጭንቅላቱን ወደ ጉድጓዱ አያስገባ፤ የወደቀ ነገር ለማንሳትም አይግባ። ውስጡ ሃይድሮጂን ሰልፋይድና ሚቴን አለ። የመጀመሪያው የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል፤ መጠኑ ሲበዛ ግን አፍንጫን ስለሚያደነዝዝ «ሽታው ጠፍቷል» ብሎ የገባ ሰው እዚያው ይቀራል፤ ሊያወጣው የገባውም እንዲሁ። ክዳኑ ከተነሳ በኋላ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይናፈስ፤ ሲጋራና ክብሪት አይቅረብ፤ ሕፃናት ግቢ ውስጥ አይሁኑ፤ ሥራው ሲያልቅ ክዳኑ ሳይገጠም ማንም ከቦታው አይሂድ።

ቧንቧ_ሠሪው፦

ኢንጂነሩ የጉድጓዱን ብሏል፤ እኔ ከቤቱ እስከ ጉድጓዱ ያለውን ልጨምር። ብዙ ጊዜ «ጉድጓዱ ሞላ» የሚባለው ነገር መንገድ ላይ ያለ ችግር ነው።

ዋናው መውረጃ 110 ሚሊ ፒቪሲ መሆን አለበት፤ ተዳፋቱ በሜትር 2 ሴንቲ ያህል። በየመታጠፊያው ማንሆል ሊኖር ይገባል። ሁሉንም አስከፍቱና የላይኛው ፎቅ ሽንት ቤት ሲለቀቅ እዩ፦ ውሃው ሳይንተከተክ አልፎ ወለሉ ንጹሕ ሆኖ ከቀረ ደህና ነው። ማንሆሉ ወለል ላይ ወረቀትና ዝቃጭ ከተኛ፣ ወይም ግድግዳው ላይ ከፍ ብሎ የቆሸሸ መስመር ከታየ፣ ውሃው አንድ ጊዜ እስከዚያ ድረስ ተመልሶ ነበር።

የሰሚት፣ የሲኤምሲ አፈር በብዛት ጥቁር መረሬ ነው። ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። ቱቦው ከቤቱ መሠረት የሚወጣበትና ታንኩ ግድግዳ ውስጥ የሚገባበት ቦታ ላይ መጀመሪያ የሚሰበረው ለዚህ ነው። ሴራሚኩ በቱቦው መስመር ላይ ሰጥሞ ወይም ተሰንጥቆ ካየሽ ከስሩ ቱቦው አፍስሶ አፈሩን አጥቦታል ብለሽ ጠርጥሪ።

አሸንዳውን ተከታተዪ። የጣሪያው ዝናብ የሚወርድበት ቱቦ ከፍሳሹ ማንሆል ጋር ከተገናኘ ክረምት በገባ ቁጥር ታንኩ ይታጠባል፤ ዝቃጩ ሳይረጋ ይወጣል። 100 ካሬ ጣሪያ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድ 2,000 ሊትር ነው፤ የዘጠኝ ሰው የሦስት ቀን ፍሳሽ መሆኑ ነው። አንድ ባልዲ ውሃ አሸንዳው ላይ አስፈስሺና የት እንደሚወጣ እዪ።

ሰርቪሶቹ የሚገቡት እዚያው ታንክ ነው ወይስ የራሳቸው ጉድጓድ አላቸው? ዕቃ ማጠቢያቸው ሲፎን (ውሃ ይዞ ሽታ የሚያግድ የታጠፈ ቱቦ) አለው? የቤቱ አየር ማስወጫ ቱቦ ጣሪያ ላይ ወጥቷል? ይህ ማስወጫ (ቬንት) በሌለው ቤት ሽንት ቤት ሲለቀቅ የሻወሩ ሲፎን ውሃ ይመጠጣል፤ ከዚያ ቤቱ ይሸታል፤ ሰውም ጉድጓዱን ይከሳል።

አሁን ዋናው ሙከራ። ጣሪያ ላይ ያለውን ሮቶ ተጠቀሙ፤ መጠኑ የታወቀ ስለሆነ መለኪያችሁ እሱ ነው። ማታ ተከራዮቹንም ጨምሮ ሁሉም ውሃ እንዳይጠቀሙ ተነጋገሩ። ክዳኑ ተከፍቶ የውሃው ከፍታ አጠና ላይ ምልክት ይደረግ። ከዚያ ከሮቶው 500 ሊትር በግማሽ ሰዓት ውስጥ በሻወር፣ በዕቃ ማጠቢያና በሽንት ቤት ልቀቁ። ወዲያው ለኩ፤ ከ20 ደቂቃ በኋላ ለኩ፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ለኩ፤ ጠዋት ሰው ሳይነሳ ለኩ። ታንኩ ጤነኛ ከሆነ ውሃው ከፍ ይልና በሰዓት ውስጥ ወደ መውጫው ከንፈር ይመለሳል።

ካራ_አሎ፦

ይህ ሁሉ ቁፋሮና ልኬት ለምን አስፈለገ? ሽንት ቤት ውስጥ ቀለም ጨምሮ ውጭ ብቅ ካላለ ደህና ነው ይባላል። እኔ የማውቀው እንደዚያ ነው።

ሳኒተሪ_ባለሙያ፦

ወንድሜ፣ ቀለም ብቻውን ሲመጣ ያታልላል። ታንኩ ውስጥ 6,000 ሊትር ውሃ ተኝቶ የጨመርከው ቀለም እዚያ ውስጥ ይሟሟል፤ ወደ መውጫው ለመድረስ አንድ ቀንና ከዚያ በላይ ሊወስድ ይችላል። አንተ ሁለት ሰዓት ጠብቀህ «ምንም አልወጣም» ብለህ ትሄዳለህ። ከወጣ ማስረጃ ነው፤ ካልወጣ ግን ምንም አላረጋገጠም። ቀለም የሚጠቅመው ከልኬቱ በኋላ፣ የተጠረጠረ መንገድ ሲኖር፣ ከመውጫው አጠገብ ሲጨመር ነው።

ሰሚት_ገዢ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሻጩ ትንሽ ቅር ቢላቸውም ፈቅደዋል፤ ሴራሚኩን በራሳችን ወጪ መልሰን እንደምንሠራ ተስማምተናል። ባለሙያው የለካውን እንዳለ ላስቀምጥ።

ታንኩ ባለ ሁለት ክፍል ነው፤ ውስጡ 2.5 በ1.5 ሜትር፣ የውሃው ጥልቀት 1.6 ሜትር። የመጀመሪያው ክፍል ዝቃጭ 95 ሴንቲ፣ የሰፈፈው 15 ሴንቲ። የመውጫው ቲ የለም፤ ቱቦው ብቻ ነው ያለው። ውሃው ከመውጫው የታች ከንፈር 14 ሴንቲ ከፍ ብሎ ቆሟል፤ ቱቦው ሙሉ በሙሉ ሰጥሟል። የምድር ቤቱ ሽንት ቤት ሲለቀቅ ቀስ እያለ ነው የሚወርደው።

500 ሊትር ስንለቅ 3 ሴንቲ ብቻ ከፍ አለ። በ20 ደቂቃ ወደ 14 ተመለሰ። ጠዋትም ልክ 14 ላይ ነው። ማታ ማንም ውሃ አልተጠቀመም። ማስረጊያው ከታንኩ ቀጥሎ አጥሩ ስር ነው፤ ክዳኑ በአርማታ ተደፍኗል። የውሃ ገንዳው ከታንኩ 3 ሜትር ይርቃል። ሻጩ «አየሽ፣ ወዲያው ተመለሰ፤ በደንብ ይሰርጋል» ይላሉ። ትክክል ናቸው?

ሳኒተሪ_ባለሙያ፦

በጣም ጥሩ ልኬት ነው፤ ሰውየው ሥራውን ያውቃል። ግን ከሻጩ ጋር አልስማማም።

ጠቅላላ የውሃው መጠን 2.5 በ1.5 በ1.6፣ ማለትም 6 ሜትር ኩብ ነው። ዝቃጩና የሰፈፈው ተደምሮ ከ160 ሴንቲው 110ሩን ይዟል፤ መብለጥ የሌለበት 53 ነበር። ይህ የሚጠበቅ ነው፤ 12 ዓመት አልተመጠጠማ።

ቁም ነገሩ ያ 14 ሴንቲ ነው። የታንኩ የላይ ስፋት 3.75 ካሬ ሜትር ነው፤ 500 ሊትር ገብቶ መውጫ ባያገኝ ከ13 ሴንቲ በላይ ከፍ ይል ነበር። ማስረጊያው በሰጠመው ቱቦ በኩል ቢጋራው እንኳ 8 ወይም 9 ሴንቲ ይጠበቃል። የታየው 3 ነው፤ ያውም ወዲያው ተመለሰ። ስለዚህ ውሃው በፍጥነት ወጥቷል። አፈር እንዲህ በፍጥነት አይጠጣም፤ መረሬማ ጭራሽ። ደግሞ ማስረጊያው ቢሠራ ኖሮ ሌሊቱን ውሃው ከ14 ዝቅ ብሎ ወደ ከንፈሩ በወረደ ነበር። አልወረደም፤ ልክ 14 ላይ ቆመ። 14 ላይ የሚያቆመው ነገር ምንድን ነው? በዚያ ከፍታ ላይ የተገጠመ ሌላ ቱቦ ነው። ማስረጊያው ከተደፈነ ቆይቷል፤ የሆነ ጊዜ አንድ ሰው ማስረጊያው ግድግዳ ላይ፣ ከላይ በኩል፣ የትርፍ መውጫ ቱቦ አስገብቶ ወደ ውጭ ለቆታል። ክዳኑ በአርማታ የተደፈነውም ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። «ሞልቶ አያውቅም» የሚለው ቃል እውነት ነው፤ የሚሞላበት ዕድል አልነበረውም።

ሻጩ ይህን ላያውቁ ይችላሉ፤ ሥራውን የሠራው ልጅ ሳይነግራቸው ቀርቶ ይሆናል። ስለዚህ ሳትከሱ አሳዩአቸው። ቀለም አሁን ነው ቦታው። ማስረጊያውን ክፈቱና፣ ካልተቻለ ታንኩ መውጫ አጠገብ፣ ደመቅ ያለ የምግብ ቀለም በአንድ ባልዲ ውሃ በጥብጣችሁ ጨምሩ፤ ተከትላችሁ ከሮቶው ውሃ ልቀቁ። አንድ ሰው አጥሩ ውጭ የጎርፍ ቦዩ ጋ ይቁም።

ቧንቧ_ሠሪው፦

ቦዩን ስትፈትሹ የከደነውን ጠፍጣፋ ድንጋይ ሁሉ አንሡ፤ እንዲህ ያለ ቱቦ አፉ ብዙ ጊዜ ከድንጋይ ግድግዳው ውስጥ ገባ ብሎ ነው የሚቀመጥ። በበጋ ቦዩ ደርቆ አንድ ቦታ ላይ ብቻ አረንጓዴ አልጌና ግራጫ አተላ ካለ እሱ ነው። ጎረቤት ግቢ በኩልም እዩ።

ሰሚት_ገዢ፦

ቀለሙ ወጣ። ከአጥሩ ውጭ፣ የአስፋልቱ ጎርፍ ቦይ ውስጥ፣ 75 ሚሊ የሚሆን ቱቦ ነው። ሻጩም ደንግጠዋል፤ «ዋጋ እንቀንስላችሁ፣ እናንተ አስተካክሉት» ብለዋል። ስንት ቢቀነስ ይበቃል? አዲስ ማስረጊያ ማስቆፈር ነው አይደል?

ሳኒተሪ_ባለሙያ፦

ስለ ዋጋ ከማውራታችሁ በፊት ማስተካከያው በዚያ ግቢ ውስጥ የሚቻል መሆኑን አረጋግጡ። ማስረጊያ ጉድጓድ ውሃ የሚያሰርገው በዋናነት በጎን ግድግዳው ነው፤ ወለሉ ቶሎ ይደፈናል። ለዲዛይን የሚወሰደው መጠን በካሬ ሜትር የጎን ግድግዳ በቀን ለአሸዋማ ለም አፈር 25 ሊትር፣ ለማያብጥ ሸክላ 10 ሊትር ነው። እንደ መረሬ ለሚያብጥ ሸክላ ከ10 በታች። በ10 እንኳ ብናሰላው 720 ሊትር 72 ካሬ ሜትር ግድግዳ ይፈልጋል። ዲያሜትሩ 1.5 ሜትር፣ ጥልቀቱ 3 ሜትር የሆነ ጉድጓድ ያለው የጎን ግድግዳ 14 ካሬ ሜትር ብቻ ነው። አምስት ጉድጓድ ሆነ! ጂ+1 ቤት፣ ሰርቪስና መኪና ማቆሚያ የያዘ 200 ካሬ ላይ አይታሰብም። ከመሠረት፣ ከአጥርና ከውሃ ገንዳ ርቀት ሲጠበቅ ደግሞ የአንዱም ቦታ ላይገኝ ይችላል።

ተስፋ የሚሰጠው አንድ ነገር መረሬው ስር ምን እንዳለ ማየት ነው። አንዳንድ ቦታ ከሁለት ሦስት ሜትር በኋላ የተበላሸ ቋጥኝ ወይም ቀይ አፈር ይመጣል፤ ያ የተሻለ ይጠጣል። ለማወቅ የስርገት ሙከራ አድርጉ፦ ማስረጊያው ሊሠራበት በታሰበው ጥልቀት 30 ሴንቲ ጎንና 30 ሴንቲ ጥልቀት ያላት ትንሽ ጉድጓድ ይቆፈር፤ ውሃ ተሞልታ ትደር። ማሳደሩን እንዳትዘሉት፤ በጋ የተሰነጠቀ መረሬ መጀመሪያ ላይ ውሃውን ስንጥቁ ውስጥ ይውጠውና «ጥሩ ይጠጣል» ያሰኛል፤ ሲያብጥ ግን ይዘጋል። በማግስቱ 15 ሴንቲ ውሃ ጨምሩና በየ30 ደቂቃው ስንት እንደወረደ ለኩ። 1 ሴንቲ ለመውረድ ከ24 ደቂቃ በላይ ከፈጀበት ለማስረጊያ አይሆንም። የጉድጓዱ ወለልም ክረምት ላይ የከርሰ ምድር ውሃ ከሚደርስበት ቢያንስ 1.5 ሜትር ከፍ ማለት አለበት፤ ጎረቤት የውሃ ጉድጓድ ካለው ደግሞ 30 ሜትር መራቅ አለበት።

ካልሆነ የሚቀረው ዋናው መፍትሔ የከተማው ፍሳሽ መስመር ነው። የአዲስ አበባ ውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን የአካባቢያችሁ ቅርንጫፍ ሄዳችሁ መስመሩ በዚያ መንገድ ማለፉን፣ የቤቱ መውጫ ከመስመሩ ከፍ ያለ መሆኑንና የማገናኛውን ክፍያ በጽሑፍ ጠይቁ። መስመር ካለ ችግሩ የገንዘብ ብቻ ነው፤ ያኔ የማገናኛው ወጪ፣ የታንኩ ማስመጠጫና የሴራሚኩ ዋጋ ተደምሮ ይቀነስ። መስመር ከሌለና አፈሩም ካልጠጣ፣ የትርፍ ቱቦው ሲዘጋ 6 ሜትር ኩብ ታንክ በ720 ሊትር በ8 ቀን ይሞላል። ተከራዮቹ ወጥተው 5 ሰው ቢቀር በ15 ቀን። በወር ሁለት ጊዜ መኪና እየጠሩ መኖር ማለት ነው። እኔ በዚያ ሁኔታ ያለን ቤት በማንኛውም ቅናሽ ግዙ አልልም።

ቱቦውን እንደነበረ ትቶ መኖርን አታስቡት። የሰው ፍሳሽ ክፍት ቦይ ውስጥ ልጆች በሚጫወቱበት መንገድ ነው የሚሄደው፤ መጨረሻውም ወንዝ ነው። ስም ከዞረ በኋላ ደንብ አስከባሪ የሚያንኳኳው የእናንተን በር ነው።

የውሃ ገንዳውን ሳታረጋግጡ እንዳትቀሩ። 3 ሜትር በጣም ቅርብ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ገንዳው ባዶ የሚሆንበት ቀን አለ፤ ያኔ ግድግዳው ላይ ስንጥቅ ካለ ከውጭ ያለው እርጥበት ወደ ውስጥ ይገባል። ሙሉ አድርጋችሁ መግቢያና መውጫውን ዝጉ፣ ከፍታውን ምልክት አድርጉ፣ 24 ሰዓት ጠብቁ። ከቀነሰ ያፈሳል፤ የሚያፈስ ደግሞ ያስገባል። ባይቀንስም ናሙና በንጹሕ ጠርሙስ ወስዳችሁ ኢ. ኮላይ (የሰገራ ብክለትን የሚያሳይ ባክቴሪያ) አስመርምሩ፤ የሚጠጣ ውሃ 100 ሚሊ ሊትር ውስጥ አንድም መገኘት የለበትም።

ቧንቧ_ሠሪው፦

ግዢውን ከቀጠላችሁ አሁን አስመጥጡ፤ ሥራው ግን በመምጠጥ አያልቅም። መኪናው ሲጨርስ ወዲያው አትክደኑ፤ ከውጭ ቆማችሁ በባትሪና በመስታወት ተመልከቱ። ከመውጫው ቱቦ ውሃ ወደ ኋላ እየተመለሰ ከገባ የማስረጊያውን መሙላት በዓይናችሁ አያችሁ ማለት ነው። ግድግዳው ላይ ከውጭ የሚንጠባጠብ ካለ ብሎኬቱ ተሰንጥቋል። ሶሌታውን (የታንኩን የአርማታ ጣሪያ) ከስር እዩ፤ ከውሃው በላይ ያለው ጋዝ ወደ አሲድነት ተቀይሮ ሲሚንቶውን ይበላል፤ ፌሮው ተጋልጦ ዝጎ ከታየ መኪና በላዩ አይቁም። የእናንተ መኪና ማቆሚያ ስር ስለሆነ ይህ ዋና ነገር ነው። እንዲህ ሆኖ ከተገኘ ሶሌታው ተነሥቶ እንደ አዲስ አርማታ ይሞላል፤ ወጪውን ከሚቀነሰው ዋጋ ላይ ደምሩት።

ደግሞ ክረምት ላይ አፈሩ ውሃ ጠግቦ ሳለ የብሎኬት ታንክ ባዶ አይደር። ከውስጥ የሚደግፈው ውሃ ሲወጣ ያበጠው መረሬ ግድግዳውን ወደ ውስጥ ሊገፋው ይችላል። በክረምት ከመጠጣችሁ የተወሰነ ንጹሕ ውሃ መልሱበት።

ውል_አዋቂ፦

ስለ ቀብዱ ልናገር። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1885 ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ሲተው ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ሲተው ደግሞ አጠፌታ (እጥፉን) ይመልሳል ይላል። ስለዚህ «ቀብድ ክፈሉ፣ ከዚያ ታዩታላችሁ» የሚለው የደላላ ምክር አደጋ አለው። ሕጉ ራሱ ተቃራኒ ስምምነት ስለሚፈቅድ ግን በጽሑፍ ማስገባት ይቻላል። እንዲህ ብላችሁ ልትጀምሩ ትችላላችሁ፤ ጠበቃችሁ ያስተካክለዋል፦

«ገዢ ይህ ውል ከተፈረመበት ቀን ጀምሮ በ15 ቀን ውስጥ የቤቱ ፍሳሽ ከከተማው ፍሳሽ መስመር ጋር ሊገናኝ መቻሉን ያረጋግጣል፤ ሴፕቲክ ታንኩንና የውሃ ገንዳውንም በባለሙያ ያስመረምራል። መገናኘት የማይችል መሆኑ በጽሑፍ ከተገለጸ፣ ወይም ገንዳው የሚያፈስ ወይም የተበከለ ሆኖ ከተገኘ፣ ገዢ ውሉን መተው ይችላል፤ ሻጭም የተቀበለውን ቀብድ ሳይቀንስ በ5 ቀን ውስጥ ይመልሳል። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1885 የተመለከተው ቀብድ የማጣት ውጤት በዚህ ሁኔታ ተፈጻሚ አይሆንም። ሻጭ ወደ ጎርፍ ቦይ የሚወጣውን ቱቦ ቤቱን ከማስረከቡ በፊት በራሱ ወጪ ያስዘጋል።»

የባለሙያውን ልኬት፣ የቀለሙን ፎቶና የተነሣበትን ቀን ከውሉ ጋር አባሪ አድርጉና ሁለታችሁም በየገጹ ፈርሙ። ቅናሹንም «እንስማማለን» በሚል ቃል አትተዉት፤ መጠኑ በፊደልና በአኃዝ ይጻፍ።

ሰሚት_ገዢ፦

ቅርንጫፉ ዛሬ ሄደን ማመልከቻ አስገብተናል፤ ባለሙያ መጥቶ ከፍታውን እንደሚለካ ነግረውናል። ለደላላውም መልሱ በጽሑፍ ሳይመጣ ቀብድ እንደማንከፍል ነግረነዋል። መስመሩ ካለ፣ ታንኩን ከመንገዱ አውጥተን ነው የምናገናኘው ወይስ በታንኩ በኩል ማለፍ አለበት?

ሳኒተሪ_ባለሙያ፦

ታንኩ ይታለፍ። ከመጨረሻው ማንሆል ወደ መስመሩ ቀጥታ 110 ወይም 160 ሚሊ ቱቦ ይዘረጋል፤ የትኛው እንደሆነ ቅርንጫፉ ይወስናል። ታንኩና ማስረጊያው ተመጥጠው ወለላቸው ይበሳ፤ በድንጋይና በተጠቀጠቀ አፈር ይሞሉ። ባዶ ሆኖ ክዳን ተገጥሞበት የሚቀር ጉድጓድ መኪና ማቆሚያ ስር አይተው። የአሸንዳውን ቱቦ ደግሞ ለይታችሁ ወደ ጎርፍ ቦዩ አውጡት፤ እዚያ ቦይ ውስጥ መግባት ያለበት የዝናብ ውሃ ነው።